ከዜሮ በታች የወረደው ቀይ ክር

«ዜሮ ነው በያቸው፤ ማን ያያል?» አለች መሲ፣ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ። «እኔ ትናንት መች ወጣሁ? ዜሮ አልኳቸው፣ አለቀ። ከዜሮ በታች ደግሞ ምን ሊኖር ነው? አታካብጂ፣ ተኚ።»

ኮከቤ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ሁለቱም የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከገጠር መጥተው መሐል ሜዳ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተዋል። የሒሳብ መምህራቸው አቶ ዳኜ ቴርሞሜትር ከመማሪያ ክፍሉ ውጪ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ማለዳ ማለዳ የማንበቡን የዚህን ሳምንት ተራ ለእነሱ ሰጥተዋል።

የታኅሣሥ ብርድ ፊቷን ገረፋት። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጥቷል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውኃ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ግድግዳው ጋ ደርሳ በቴርሞሜትሩ መስታወት ውስጥ ያለውን ቀዩን ክር ዜሮ ላይ ፈለገችው። የለም። የተበላሸ መሰላት። ጎንበስ ብላ ስታይ ግን ክሩ ከዜሮ ሦስት መስመር ወርዶ ቆሟል። ኔጌቲቭ ሦስት።

ሰሌዳ ላይ ስታየው የመምህር ጨዋታ ይመስላት ነበር። ከምንም ያነሰ ነገር እንዴት ይኖራል? አሁን ጣቷን የሚያደነዝዛት እሱው ራሱ ነው።

ፀሐይ ከጋራው ብቅ ስትል ክሩ መውጣት ጀመረ። ኔጌቲቭ ሁለት። ኔጌቲቭ አንድ። ዜሮ ላይ ሲደርስ ይቆማል ብላ ጠበቀች። ክሩ ግን ለአፍታም አላመነታም፤ ዜሮን አልፎ ወደ አንድ አዘገመ። ዜሮ መጨረሻ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ቁጥር ወደ ታች እስከ የት ይወርዳል? ማለቂያ እንደሌለው ገባት። ደውሉ እስኪደወል ከዚያ አልተነቃነቀችም።

«የዛሬው ስንት ሆነ?» አሉ አቶ ዳኜ ክፍል ውስጥ።

«ዜሮ ነው፣ እንደ ትናንቱ» አለች መሲ ቀድማ፣ ኮከቤን በክርኗ ጎሸም እያደረገች።

«ኮከቤስ ምን አየሽ?»

እውነቱን ብትናገር ጓደኛዋ ትጋለጣለች። ዝም ብትል ያ ያየችው ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል። ወደ መሲ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ነገ አብረን እንወጣለን፤ አንቺም ታይዋለሽ።»

ተነሥታ ጠመኔውን ተቀበለች። ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ረጅም መስመር አሰመረች። ዜሮን ከግርጌው ሳይሆን መሐሉ ላይ ጻፈችና፣ ከሥሩ ወደ ታች መቁጠር ጀመረች።