የቱሬይ ጥቁር ማጠንጠኛ

ሐሙስ ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ተራራው ላይ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጭቃውንና ግንዱን አንድ ላይ እየገፋ ወደ ባሕር ይጋልባል። ራዊኒያ ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የማጥመጃ ዘንጓን ጀርባዋ ላይ አስራ ዳር ቆማለች። ዓይኗ ግን ከወንዙ ይልቅ የአጎቷ ልጅ ላይ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ?» አላት ቱሬይ።

«አንተ ቅደም።»

«ውሃ እንዲወስደኝ?»

«ከወሰደህ ጆንያውን ወርውርልኝ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ ፊቷን አልፈታችም። ጆንያው ውስጥ ለትልቅ ዓሣ የተሠሩ፣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ አጠገብ የሚታሰሩ ሁለት የክር ማጠንጠኛዎች አሉ። አንዱ አዲስ፣ ወርቅማ፤ አንዱ ጥቁር፣ አሮጌ። ሁለቱም የእሱ ናቸው። «የፈለግሽውን ምረጪ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» ብሏታል። ያስጠረጠራት ይኸው ቸርነቱ ነው።

ደግሞም ምክንያት አላት። አምና እናቷ ስታርፍ፣ ከተራራው ማዶ ለመጣው ለቀስተኛ ሀኩ ልታጠምድ ወጥታ ነበር። በዚያ ባሕር ዳርቻ እንግዳ የሚከበረው በሀኩ ነው፤ ጎልማሳ ሰው ጎትቶ የሚጥል ዓሣ። ቱሬይ ከለቅሶው ወር ቀደም ብሎ ያዋሳት ጥቁሩ ማጠንጠኛ ግን፣ ክሩ ሲወጣ የሚገታው ፍሬኑ ድርቅ አለና ክሩ ተበጠሰ። እንግዶቹ ከሱቅ የመጣ የዶሮ እግር ቀረበላቸው። የቱሬይ አባት፣ ሽማግሌው ኤሩዌራ፣ ልጃቸውን በሰው ፊት ሰደቡት፤ ከዚያ ወዲህም ማዕድ ላይ አጠገባቸው አላስቀመጡትም። ቅዳሜ፣ በሙት ዓመቷ፣ የእናቷ የመቃብር ድንጋይ ከሸፈነው ጨርቅ ይገለጣል። የሚመጡት ያው እንግዶች ናቸው። ዘንድሮም ባዶ እጇን ብትመለስ የእናቷ ስም በዶሮ እግር ሲነሳ ሊኖር ነው።

ረጅም እንጨት ደረታቸው ላይ አጋድመው፣ ጎን ለጎን ይዘውት ገቡ። መሐል ሲደርሱ ግንድ መጥቶ ጉልበቷን መታትና እግሯ መሬት ለቀቀ። ቱሬይ በአንድ እጁ ልብሷን፣ በሌላው ጆንያውን ጨብጦ እየጮኸ ወደ ዳር ጎተታት። ተርፋም እያሳለች የምታስበው ሌላ ነበር፤ ጆንያውን ለቆ በሁለት እጁ ለምን አልያዛትም?

ከሰዓት በኋላ ጫካው ውስጥ የዱር አሳማ ገጠማቸው። ግልገሎቿን ያስከተለች እናት ናት፤ ማንንም አልሰማችም፣ ቀጥ ብላ መጣች። ራዊኒያ ዛፍ ላይ ተንጠላጠለች። ቱሬይ የስንቅ ከረጢቱን ለአሳማዋ ወረወረላትና ጆንያውን አቅፎ ቁልቁል ተንከባለለ። አሳማዋ ዳቦውን በላች፣ ድንቹን ረገጠች፣ ሄደች።

«ምሳችንን ሰጥተህ ብረትህን አዳንክ» አለችው ከዛፉ ሆና።

«አንቺንም አድኛለሁ፤ ከስተሽ ስለነበር አሳማዋ ዳቦውን መረጠች።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ባሕሩን ቁልቁል ከሚያይ ገደል አፋፍ ሲደርሱ ማጠንጠኛዎቹን ተቀበለችው። የሁለቱንም ክር በየተራ አሥር ኪሎ ከሚሆን ድንጋይ ጋር አስራ፣ ፍሬኑን መጠነኛ አድርጋ፣ ቁልቁል ለቀቀችው። ወርቅማው ያዝ አደረገ፣ ድንገት ለቀቀ፣ እንደገና ያዝ አደረገ። ትልቅ ዓሣ ክር የሚበጥሰው እንዲህ ባለ መንተፋተፍ ነው። ጥቁሩ ግን ድንጋዩን ሳያንገራግር፣ እኩል በሆነ ጉልበት ቀስ እያለ አወረደው። ገልብጣ አየችው። የብሎኖቹ ራስ በካቻቪቴ ተጭሯል።

«ይሄን ማን ፈታው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ላጸዳው።»

«ከምን?»

ቱሬይ ወደ ባሕሩ ዞሮ የጆንያውን አፍ መቋጠር ጀመረ። 

«ድንጋዩን አምኜ ጥቁሩን እወስዳለሁ» አለች። «አንተን አይደለም።»

ዓርብ ጠዋት ከዓለቱ ጫፍ ደረሱ። ማዕበሉ ከእግራቸው ሥር እየፈነዳ ፊታቸውን ያጥባል። ራዊኒያ ማጠንጠኛውን ዘንጉ ላይ አሠረችና ተንበረከከች። ከመጀመሪያው ውርወራ በፊት ማጠንጠኛው እንዳለ ባሕር ውስጥ ይነከራል፤ ባሕሩ ሰላም እንዲባል። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። እጇን ስትዘረጋ ቱሬይ ክንዷን አፈፍ አደረገው።

«አትንከሪው!»

«ልቀቀኝ! ዘንድሮም ባዶ እጄን ልትመልሰኝ ነው?»

«አትንከሪው አልኩሽ! አምናም ያበላሸው ይሄ መንከር ነው!»

 ቱሬይ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ መናገር ያልፈለገው ነገር አምልጦታል።

«የአምናውን ያመጣሁት ለክርሽ የሚበቃ ፍሬን ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው» አላት። «ወር ሙሉ በየጠዋቱ ስትነክሪው ጨዋማ ውሃ ገባበት። ስፈታው የፍሬኑ ሸራ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። የእናትሽ ማጠንጠኛ እንጨት ነበር፣ ክሩን በአውራ ጣቷ ነበር የምትገታው፤ ባሕር ምን ያደርገዋል?»

«ዓመት ሙሉ ተሰድበህ... ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ልበል? አክስቴ ያስተማረችሽ ነገር የራሷን ለቅሶ አበላሸ ልበል? እኔን ይስደቡኝ።»

ራዊኒያ አፈረች። እፍረቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ጆሮዋን አቃጠላት። ማጠንጠኛውን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ባዶ እጇን እስከ ክርኗ ባሕሩ ውስጥ ነከረች። ከዚያ ተነሥታ ወረወረች።

ሀኩው በሦስተኛው ውርወራ መታ። ዘንጉ ጎበጠ፣ ክሩ እየዘመረ ወጣ፣ ፍሬኑ ሳይንተፋተፍ ክሩን ለቀቀ። በአውራ ጣቷ ክሩን ግራ ቀኝ እያስተካከለች ጠቀለለች። ወዲያው ከዓሣው ኋላ ግራጫ ክንፍ ውሃውን ሰነጠቀ።

«ሻርክ! አጥብቂው!» አለ ቱሬይ።

«ይበጠሳል!»

«አይበጠስም! እኔ ነኝ የሠራሁት!»

አየችው። የፍሬኑን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ገፋችው። ክሩ አቃሰተ፣ ያዘ። ወደ ኋላ እየተንደረደረች ጎተተች፤ ቱሬይ ማዕበሉ ድረስ ወርዶ ሀኩውን በመንጠቆ ዘንግ ወጋና አወጣው። ሻርኩ ያገኘው ከጅራቱ ቁራጭ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ድንጋዩ ተገለጠ፣ ተለቀሰ፣ እንግዶቹ ማዕድ ቀረቡ። ሽማግሌው ኤሩዌራ ከላይኛው ወንበር ሆነው ተጣሩ፤

«ቱሬይ! ዘንድሮስ ማጠንጠኛህን ማን ሠራልህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቱሬይ ከታች፣ በሩ አጠገብ፣ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ራዊኒያ የሀኩውን ራስ በትሪ ይዛ ገባች። የዓሣው ራስ በልማዱ የሽማግሌው ድርሻ ነው። አጎቷን አልፋ ሄደችና ቱሬይ ፊት አስቀመጠችው።

«አምና ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጨው ያስገባሁበት እኔ ነኝ። እሱ ጠገነው። ስድቡን ግን እሱ ጠጣው፣ እኔም አብሬ ሰደብኩት።»

 ኤሩዌራ ልጃቸውን ተመለከቱት። ከዚያ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ አግዳሚው ላይ እየተንፏቀቁ ቦታ ለቀቁ።

«ትሪህን ይዘህ ና፣ ልጄ» አሉት። «እዚህ ተቀመጥ።»