የጭምብሉ ጠባሳ

ሟቿ በሙዚየሙ መጋዘን ወለል ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። የአፍሪካን ጥንታዊ የእንጨት ሥራዎች በድረ ገጽ ለዓለም የምታሳየው እሷ ነበረች። ጭንቅላቷ ተፈንክቷል፤ አጠገቧ ቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው የእንጨት ጭምብል ወድቋል።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዳይሬክተሩ፣ ፎቶ አንሺውና ቅርስ ጠጋኝ የሆነው የሟቿ ወንድም፤ ሦስቱም እርስ በርስ ዓይንና ናጫ።

«ወንድሟን እሰሩት» አለ ዳይሬክተሩ፣ የቅርስ ጠጋኙን በአገጩ እየጠቆመ። «ትናንት በአባታቸው ቤት ውርስ ሲጨቃጨቁ ነበር።»

«እገድልሻለሁ ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ ፎቶ አንሺው።

«ብያለሁ» አለ ወንድሟ ዓይኑ ደም ለብሶ። «በንዴት ነው። አልገደልኳትም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። መርማሪዋ «ቆይ» አለችው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የነካችውን ሳትወጋ አትተውም። ስልኳ ላይ ድረ ገጹን ከፈተች። እዚያ ባለው የጭምብሉ ፎቶም ጠባሳው ቀኝ ጉንጭ ላይ ነው።

«ጭምብሉን ያውቁታል?» ስትል ዳይሬክተሩን ጠየቀችው።

«በድረ ገጹ። አቧራ ስለማይስማማኝ ከዛሬ በፊት እዚህ ወርጄ አላውቅም።»

«አንተስ?» ወደ ሟቿ ወንድም ዞረች።

«ጉንጩ ሲሰነጠቅ ያጣበቅኩት እኔ ነኝ። ጠባሳው ግራው ላይ ነው። ይሄ የእኛ አይደለም።»

«ይቀባጥራል» አለ ዳይሬክተሩ። «ፎቶው ይመስክር።»

ፎቶ አንሺው አንገቱን ደፋ። «ፎቶው... ሳስተካክለው ግራና ቀኙ ተገልብጦብኛል። ትናንት ሟቿ ደርሳበት ነበር። ከእንጨቱ ጋር ላስተያይ ብላ ወረደች።»

መርፌ ሦስቱንም አስከሬኑ አጠገብ አቆመቻቸው።

«እውነተኛው ተሰርቆ በቦታው ይሄ ተቀምጧል። ቀራጩ የቀዳው የተገለበጠውን ፎቶ ነው፣ ከነስህተቱ። ወንድሟ ቢሆን ግራውን ያውቃል፤ በእጁ ጠግኖታል። ፎቶ አንሺውም ቢሆን ያልተገለበጠው ፎቶ ካሜራው ውስጥ አለለት። ከሦስታችሁ ጭምብሉን በስክሪን ብቻ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ሟቿ ደግሞ እንጨቱን አይታ ሌብነቱን ስትደርስበት፣ ለአለቃዋ ሳትነግር አትቀርም።»

«ሐሰት ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «መስመር በመስመር ከፎቶው ጋር አስተያይቼዋለሁ እኮ፤ ምንም ልዩነት...»

የቀረውን ዋጠው። እዚህ ወርጄ አላውቅም ያለው እሱ ነበር። ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ።

ፎቶ አንሺው ወደ ጠጋኙ እጁን ዘረጋ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ጠጋኙ እጁን አልጨበጠውም።

«ያንተን ስህተት ልታርም ወርዳ ነው የሞተችው» አለው። «ይህን እያወቅክ ነው እኔን ልታሳስር የቸኮልከው።»