ደረስሁ

አይ መልካሙ፣ እሱን ተወው! «ጌም ኃጢአት ነው በላቸውና ዝጋው» ነው የምትለኝ? ጌሙ ምን አደረገ? ስልኩስ ምን አደረገ? «የሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የጌም ወሬ ምን ሊሠራ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። ወንጌላዊት ራሷ «ስሜ ተጠርቶ ይነገር» ብላኛለች። እነግራቸዋለሁ! እሁድ አንተና እኔ ለምናስተምራቸው ልጆች የምነግራቸውን እንዳለ ልበልልህ። ቮይሱን ግማሽ ላይ እንዳትዘጋው። ጨርሰህ ስማና ከዚያ ተቆጣ። እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው።

ልጆች፣ ወንጌላዊትን ታውቋታላችሁ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤታቸው እዚሁ ሽምብጥ ሰፈር ነው። አባቷ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነው ከአዲስ አበባ የመጡት፤ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ጎበዝ ልጅ ናት። ንባቧ እንደ ውኃ ነው የሚወርደው። ክፉ ልጅ አይደለችም። ይቺን ያዙልኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለችም።

ጓደኛዋ አደይ ናት። አደይ ከገጠር፣ ከአንበሳሜ መጥታ አክስቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። መዝሙር ስታወጣ ከውጭ ያለው ሰው ሳይቀር ጆሮውን ያቆም ነበር።

እንግዲህ የእኛው ጌትነት፣ ኮሌጅ የሚማረው፣ የስልክ ጌም ሠራ። ስሙ «ደንገል» ነው። አንዲት የደንገል ታንኳ ጣና ላይ ትቀዝፋላችሁ። ከጉማሬው ታመልጣላችሁ፣ እምቦጩን ትዞራላችሁ፣ ከዚያ ዳር ትደርሳላችሁ። ስትደርሱ ታንኳዋ ላይ ያለችው ልጅ ትጮኻለች። ተጫውታችሁታል አይደል? ምንም ክፋት የለበትም። እኔም ተጫውቻለሁ፤ ጉማሬው ስንቴ በልቶኛል መሰላችሁ!

ለልጅቷ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ጌትነት አዳራሻችን መጣና «እስቲ ‹ደረስኩ› በሉልኝ» አለ። ወንጌላዊት ቀድማ ተነሣች። «ደረስኩ!» አለች። ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ አደይ ተነሣች።

«ደረስሁ!»

ማዶ ያለን ሰው የምትጣራ ነበር የሚመስለው። ጌትነት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይሄ ነው! የጣና ልጅ እንዲህ ነው የምትለው!»

ሁሉም አጨበጨበ። ወንጌላዊትም አጨበጨበች። ግን ልጆች፣ እጅ እያጨበጨበ ልብ ሲቀና ታውቁታላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አትዋሹኝ።

ጌሙ ወጣ። የጌሙ ወዳጆች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ፤ አራት መቶ ሰው ገባበት። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። «ጉማሬው ይፍጠን»፣ «እምቦጩ በዛ» ይባባላሉ። ወንጌላዊትም ገባች። በስሟ ግን አልገባችም። «የጣና ንግሥት» ብላ ገባች። ፊት የሌለው ሰው ሆነች ማለት ነው። ፊት የሌለው ሰው ደግሞ አያፍርም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአደይን ድምፅ ከስልኩ ቀዳችው። አፈጠነችው። መጨረሻው ላይ የፍየል ድምፅ ቀጠለችበት። «ደረስሁ... ሜእእእ!» ከሥሩ «ይሄ የፍየል ድምፅ ይቀየርልን። ደረስሁ ምን ማለት ነው? ገጠር ነን እንዴ?» ብላ ጻፈች። ጣቷ መላኪያው ላይ ትንሽ ቆመ። አየችው። ላከችው።

ሳቁ ወረደ! ግሩፑ የሚስቅ ቢጫ ፊት በቢጫ ፊት ሆነ። የግሩፑ አድሚን ቮይሱን ፒን አደረገው፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው የሚሰማው። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ድምፁ ይቀየር» አለ፣ ግማሹ «አይነካም» አለ። መሰዳደብ መጣ። የአደይ ስምም ተረሳ፤ «ደረስሁ» ሆነ ስሟ። ሱቅ ስትላክ «ደረስሁ መጣች! ሜእእእ!» ይሏታል። እኔም ሰምቼ ነበር ልጆች። ጨዋታ መስሎኝ ዝም አልሁ።

አደይ ማን እንደጀመረው አታውቅም። ታዲያ ማንን ብትጠይቅ ጥሩ ነው? ወንጌላዊትን!

«ወንጌልዬ፣ አነጋገሬ ያስቃል እንዴ?»

«ኧረ... አይ። ትንሽ።»

«እንግዲያ አስተምሪኝ። እንዴት ነው የምትሉት?»

«ደረስኩ።»

«ደረስ... ኩ። ሄድ... ኩ። በላ... ኩ።»

እዚህ ላይ ወንጌላዊት መናገር ነበረባት። ስሙኝ ልጆች፣ «በላሁ» የሚለውን እኮ አዲስ አበባም «በላሁ» ነው የሚለው! «መጣሁ»፣ «ሰማሁ»፣ አገር ሁሉ አንድ ነው። ወንጌላዊት ታውቃለች። «እሱ ሲሆን አይቀየርም» ብትላት ምን ነበረበት? ግን ጌትነት ሰዉ ሲሰዳደብ ሰልችቶት «አንቺ ድምፅ ስጪን» ብሎ ደውሎላት ነበር። ነገ ልትቀዳ ነው። ደስታም ጭንቀትም አንድ ላይ ይዟታል። አላረመቻትም።

ወንጌላዊት ተቀዳች። ጌሙ ላይ «ደረስኩ!» ማለት ጀመረች። በማግሥቱ ስልኩን አባቷ ዘንድ ወስዳ ታስደምጠው ነበር። በሦስተኛው ቀን ድምፁን ዘግታ ነው የምትጫወተው።

ፍልሰታ ገባ። ለደብረ ታቦር መዝሙር ማጥናት ጀመርን። መሪዋ አደይ ናት። «ወደ ደጅህ መጣሁ» ነው የሚለው መነሻው። አደይ ቆመች። አፏን ከፈተች። «ሁ» ያለበት ሁሉ ስህተት ነው ብላ ይዛለች!

«ወደ ደጅህ... መጣኩ።»

ልጆች፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማን እንደሳቀ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። «መጣኩ! መጣኩ!» ያለም ነበር። ወንጌላዊት ሁለተኛው መደዳ ላይ ነበረች። አልሳቀችም። አደይ ያየችው ወደ እሷ ነው። «ምን ተሳሳትሁ?» ነበር የሚለው ዓይኗ። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በሳምንቱ አክስቷ «ወደ አባቷ ሄደች፤ እዚያው ትማራለች» ብለው ነገሩን።

ልጆቹ ሊቆርቡ ነው። የወንጌላዊት እናት ወይዘሮ እሌኒ ነጠላዋን አጥበው ተኮሱላት። እሷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

«እኔ አልቆርብም እማዬ።»

«ምን ሆንሽ? ከሰው ተጣላሽ?»

«አልተጣላሁም። በድያታለሁ፤ እሷ ግን አታውቅም።»

«እሷ አታውቅም እንጂ አንቺ ታውቂያለሽ። ተነሽ፣ ንገሪያት።»

ወንጌላዊት መጀመሪያ ግሩፑ ውስጥ ገባች። በስሟ። «ወንጌላዊት ነኝ። የጣና ንግሥት የምትባለው እኔ ነኝ። ፍየሏንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። የአደይ አነጋገር ልክ ነው።» አለች። ምን ብለው የመለሱላት ይመስላችኋል? ቢጫ ፊት። «ሜእእእ።»

በማግሥቱ ከእናቷ ጋር በሚኒባስ አንበሳሜ ወረዱ። የአደይ አባት አቶ ደሞዝ በር ላይ ተቀበሏቸው።

«ግቡ፣ ግቡ። አደይ፣ እንግዳ መጥቶልሻል! ትንሽ ዝም ማለት ለምዳለች፤ አትቀየሟት።»

አደይ ወጥታ ቆመች። ወንጌላዊት መንገዱን ሙሉ ስታስብበት የመጣችው አንድ ቃል ነበር። ንስሐ ስንገባ ምን እንላለን? በአደይ አፍ፣ በ«ሁ»፣ ልትለው ፈለገች። ካሳ ይሆናል ብላ ነው።

«አደይ፣ ያን ቮይስ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀንቼብሽ ነው። ‹በላኩ› ስትዪም እያወቅሁ ዝም አልሁ። በደልሁ።»

አደይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«‹ዝም አልሁ› አልሽ። ‹በደልሁ› አልሽ። አሁንም እያሾፍሽብኝ ነው?»

ልጆች፣ ከዚህ የባሰ ነገር ለወንጌላዊት ማንም አላላትም። ተንበርክካ አለቀሰች። «አላሾፍኩም፣ በማርያም አላሾፍኩም!» አደይም ደግ ናትና አነሣቻት። «ይቅር ብዬሻለሁ፤ ተነሽ፣ ጭቃ ነው» አለች። እውነትም ይቅር ብላታለች። ግን አልተመለሰችም። ጌትነት የድሮውን ድምፅ አጥፍቶት ነበርና «እንደገና ቅጂልኝ» ብሎ ለአደይ ደወለላት። «ይቅርብኝ ጋሼ» ብላ ዘጋች። ወንጌላዊትም የራሷን አስጠፋች። አሁን ጌሙን ክፈቱት። ጉማሬው አለ፣ እምቦጩ አለ። ታንኳዋ ዳር ስትደርስ ግን ማንም አይጮኽም። ደብረ ታቦር ዕለትም መነሻውን የሚያወጣ ጠፍቶ ሁላችንም አንድ ላይ ጀመርነው፤ አላማረልንም።

ልጆቼ፣ ፊታችሁን ደብቃችሁ በሰው አንደበት አትሳቁ፤ ይቅርታ በደሉን ያነሣላችኋል እንጂ ያጠፋችሁትን ድምፅ አይመልስላችሁም።

ይሄው ነው መልካሙ። ለልጆቹ እዚህ ላይ ነው የማቆመው። የሚቀጥለውን ግን ለእነሱ አልነግራቸውም፤ ላንተ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያንን ክፉ ነገር አንዴ ላከችው፤ እሷስ አንበሳሜ ድረስ ሄዳ ጭቃ ላይ ተንበርክካለች። ግሩፑ ውስጥ አንድ አዋቂ፣ «ተዉ ልጆች» ማለት የሚችል መምህር ነበር፤ አድሚኑም እሱ ነበር። እስቲ ንገረኝ፣ ጌም ኃጢአት ነው የምትለኝ ሰውዬ፣ የፍየሉን ቮይስ ፒን አድርጎ ሦስት ሳምንት ከላይ ያስቀመጠው ጣት የማን ነው?