ዘጠኝ ቁጥር አልወጣም

ከሞጆ ወጣ ብሎ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ ባለው የእህል መጋዘን፣ የነቀዝ መድኃኒት በሚነሰነስበት ቀን ሥራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ጠዋት የገቡት ወዛደሮች ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ይወጡና በመዝጋቢዋ በስመኝ መስኮት ፊት ያልፋሉ፤ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የናስ ቁጥር ይጠሩላታል፤ እሷ ቁጥሩን ኪቦርዱ ላይ ትመታለች፤ ስክሪኑም «ወጥቷል» ይላል። የመጨረሻው ቁጥር ሲመታ ትልቁ የብረት በር በራሱ ይቆለፍና ለሰባት ቀን አይከፈትም። መድኃኒቱ የሚነሰነሰው ለነቀዝ ነው፤ ሰው ቢያገኝ ግን ሰውንም አይምርም።

ፕሮግራሙን የጻፈው አቶ ልሳኑ የሚባል የድሮ ሠራተኛ ነበር፤ ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። ነገሩ ሁሉ በወረቀት በነበረበት ዘመን፣ ከጆንያ ጀርባ እንቅልፍ የጣለው አንድ ሰው ተቆልፎበት ቀርቷል። አቶ ልሳኑ ያንን አልረሳም። እናም ፕሮግራሙ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ልክ ካልሆነ ደግሞ ይጠይቃል፤ ልክ እስኪሆን ድረስ ሲጠይቅ ይኖራል። ኮምፒውተር የተማሩት ይህን መደጋገም ሉፕ ይሉታል። ስመኝ ፕሮግራሙን እንድታድስ ከተቀጠረች ወዲህ ኮዱ መሃል አንድ ማስታወሻ አግኝታ ፈገግ ብላለች፦ «ይህ ጥያቄ ማለቂያ የለውም። ረስቼው አይደለም።»

የናስ ቁጥር ዘጠኝ የወንድሟ የደምሰው ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋት፣ ጆንያ እየተሸከመ ኮሌጅ ያስጨረሳት እሱ ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ ሌላ የእኔ የምትለው ሰው የላትም። ኮሌጅ በገባችበት ዓመት የወፍጮ ቀበቶ የግራ እጁን ሌባ ጣት ወስዶበታል። መጋዘኑ ውስጥ፣ ከጥግ ባለችው የሚዛን ክፍል፣ ሁለተኛ ኮምፒውተር አለ፤ ጠዋት ሲገቡ የሚመዘገቡት በእሱ ነው። ቁጥሩን እንዴት እንደሚመታ ጎኑ ቆማ ያሳየችው ራሷ ነበረች። የእሷን ቁጥርም፣ አንድን፣ አሳይታው ነበር። ማታ ማታ መስኮቷ ጋ ሲደርስ ቁጥሩን ከመጥራቱ በፊት «በላሽ?» ይላታል። በላችም አልበላችም «በላሁ» ትለዋለች።

የዚያን ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ ከመጋዘኑ ውስጥ ድብ የሚል ከባድ ድምፅ ተሰማ። የመጋዘኑ ማራገቢያ እያጓራ ስለነበር ከየት እንደመጣ ማንም አልለየውም። «ጆንያ ነው፣ ተንዶ ይሆናል» አለ አንዱ ወዛደር፣ ሌሎቹም መውጣታቸውን ቀጠሉ።

ከሁሉ በኋላ የወጣው ሰው ጆንያውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ነበር።

«ዘጠኝ» አለ።

ስመኝ «በላሽ?» እስኪላት ጠበቀች። አላላትም። ከእሱ የመጣው ሽታ የላብ አልነበረም፤ ዝናብ ገብቶበት ከጆንያ ድርድር ሥር ለዓመታት የተረሳ እህል የሚሸተው ዓይነት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር የሻጋታ ሽታ ነበር። ዘጠኝን መታች። ስክሪኑ «ዘጠኝ ቁጥር አልወጣም። እንደገና ያስገቡ» አላት። ደግማ መታች፤ ያንኑ መለሰላት።

«ጋሼ፣ ደከመህ እንዴ?»

ጆንያው ወደ ላይና ወደ ታች ተነቃነቀ፤ ሰውየውም ሄዶ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ላከችለት። ኩባያው አጠገቡ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ነፋሱ የሌሎቹን ትከሻ ሲያራግፍ የእሱ ላይ ያለው አቧራ ቅንጣት አልተነሳም።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ተካልኝ ላብ በላብ ሆነው መጡ።

«መድኃኒቱ እኮ ከኋላ ተነስንሷል። በሩ ክፍት ሆኖ ጋዙ ሜዳ ላይ እየፈሰሰ ነው። ምንድን ነው የምትጠብቂው?»

«ፕሮግራሙ ዘጠኝን አልቀበልም አለኝ።»

«ጠዋት ስንት ገቡ?»

«አሥራ አራት።»

«እዚህ ስንት ናቸው?»

ስመኝ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። «አሥራ አራት።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቂው? አልሠራ ባለሽ ነገር ሰው ልታስጨርሺብኝ ነው። ወይ አስተካክይው ወይ ሌላ ሰው ልጥራ።»

ኮዱን ከፍታ አነበበች። የሚዛን ክፍሉ ኮምፒውተር ሳያቋርጥ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ይልካል። አቶ ልሳኑ ደግሞ ከውስጥ የሚናገር ቁጥር ውጭ ነው እንዳይባል ደንግጓል። ቁልፉ በአቧራ ተጣብቆ ነው፣ አለች ለራሷ። ቢሆንም ልቧ አልረጋ ስላላት ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ከበሩ ደፍ አልፎ መግባት የተከለከለ ነበር። ውስጡ ጥቁር ነው፤ የድርድሮቹ ጫፍ ብቻ ይታያል፣ የመድኃኒቱም የነጭ ሽንኩርት ሽታ ዓይን ያቃጥላል። በማራገቢያው ጩኸት ሥር፣ ከሩቅ ጥግ፣ ቀጭን የቁልፍ ድምፅ ይሰማል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ሰው አለ?» ብላ ጮኸች።

ድምፁ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ፈጠነ።

ዘወር ስትል ግን ወንድሟ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ ጆንያውም፣ ጀርባውም፣ የናስ ቁጥሩም እዚያው አለ። ተመስገን አለች። የተጣበቀ ቁልፍ ነው፤ ለተጣበቀ ቁልፍ ሲባል ደግሞ ደምሰው ፀሐይ ላይ ሊደርቅ አይገባውም።

ሥራዋን የምትወድ ልጅ ነበረችና በጥድፊያም ቢሆን አሳምራ ጻፈችው። ፕሮግራሙ ይጠይቅ፤ ካልተስማማው ያልተስማማውን ይናገርና ደግሞ ይጠይቅ፤ ሦስት ጊዜ ከሞላ ግን መስኮቱ ላይ ያለውን ሰው አምኖ፣ የውስጡን ትቶ ይለፍ። ለሌሎቹ ጥያቄዎችም ሁሉ፣ ለበሩ መክፈቻ ይለፍ ቃል ሳይቀር፣ ያችኑ ሉፕ ሰጠቻቸው፤ ሦስቴ የተሳሳተ ሰው ዝም ብሎ እንዲሰናበት። መጨረሻው ላይም በትሕትና እንዲህ እንዲል አደረገች፦ «ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። ከእንግዲህ አልጠይቅም። እናመሰግናለን።»

ዘጠኝን ሦስት ጊዜ መታች። «ወጥቷል» አለ። የብረቱ በር ተንቀራፎ ሄዶ ገጠመ፣ መቆለፊያውም ወደ ውስጥ ሲገባ ግቢው ሁሉ ሰማው። አቶ ተካልኝ «ጎበዝ» ብለው ማራገቢያውን አጠፉ።

ጸጥታው ድንገት ወረደ። ስክሪኑ ላይ ከሚዛን ክፍሉ የሚመጣው ቁጥር ግን አልቆመም። ዘጠኝ። «ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። ከእንግዲህ አልጠይቅም። እናመሰግናለን።» ዘጠኝ። «ሦስት ጊዜ ሞክረዋል።» ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ።

የተጣበቀ ቁልፍ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው። አንድ የእሷ ቁጥር ነው። ዘጠኝ። አንድ። ዘጠኝ። አንድ። ሰው ነው፤ ጆንያ ተንዶበት፣ ድምፁ አልወጣ ብሎት፣ እጁ ኪቦርዱ ላይ ደርሶለት፣ ስሟን እየጠራ ነው።

«ክፈቱት!» ብላ ጮኸች። «ሰው አለ፣ ክፈቱት!»

መክፈቻው የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በጥድፊያ መታች፤ ተሳሳተች። እንባዋን ጠርጋ ደገመች፤ ሁለት ፊደል አንድ ላይ ተጫነች። በሦስተኛው የገዛ እጇን በሌላው እጇ ይዛ፣ እግዜር ያውቃል፣ ተጠንቅቃ መታች፤ አሁንም አንድ ፊደል ቀረ። «ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። ከእንግዲህ አልጠይቅም። እናመሰግናለን» አላት የራሷ ቃል፤ ኮዱም በዚያው ይለፍ ቃል ተቆለፈባት። አቶ ተካልኝ ወደ በሩ እየሮጡ ነበር። ወዛደሮቹ ፌሮ ይዘው በሩን ይደበድቡ ጀመር፤ ብረቱ ግን ጠባሳ እንኳ አላወጣም። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ መጣ፣ ረጅም ጊዜ ቆይቶ አንድ መጣ፣ ከዚያም ምንም አልመጣም።

በሩ ላይ የሚደበድቡትን ቆጠረቻቸው፤ አሥራ ሦስት ነበሩ።

ግድግዳው ሥር የነበረው ሰው ተነስቶ ወደ መስኮቱ መጣ፣ አምስቱም ጣቶቹ ሙሉ የሆኑበትን ግራ እጁን ደፉ ላይ አሳረፈና፣ በደምሰው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ «በላሽ?» አላት።