ቀጥ ብሎ የቆመው አዞ

ሽማግሌው አጥንት ገጣጣሚ በሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲገጣጥመው ከኖረው የጥንት አዞ አጽም ሥር ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ከራሱ የፈሰሰው ደም ወለሉ ላይ ደርቋል። አጽሙ ግን አንድ አጥንት ሳይጎድልበት ቆሟል። በሕይወት ቢሆን አንድ ሰፈር ቁርሱን በልቶ ምሳ የት አለ የሚል ፍጡር ነበር።

ፖሊሶች ቁልፍ ያዡን ዘበኛ በካቴና አሰሩት። ቢጠይቁት፣ ቢያባብሉት፣ ቢያስፈራሩት ትንፍሽ አላለም።

ያኔ ወስፌ ተጠራች። ይህች መርማሪ ጉንዳን ስታስነጥስ ሰምታ የትኛው እግሯ እንደበረዳት ትናገራለች ቢባል ማጋነን አይደለም።

የሙዚየሙን ኃላፊ አስቀድማ አነጋገረች። ከሟቹ ጋር ለዓመታት ሲነታረኩ እንደኖሩ አልደበቀም።

«አዞ ሆዱን ይጎትታል እንጂ እንደ ውሻ አይቆምም። እግሮቹን ወደ ጎን ዘርጋቸው አልኩት።»

ሟቹ ደግሞ የአዞ ጥንታዊ ዘመዶች በደረቅ ምድር የሚሮጡ እንደነበሩ፣ እግራቸውም ከሆዳቸው ሥር ቀጥ ያለ እንደነበር የዳሌው አጥንት ይመሰክራል ብሎ ሙጭጭ አለ። በመጨረሻ ግን ደከመውና እሺ አለ። ትናንት አመሻሹ ላይ ሊዘረጋቸው መሰላል ወጣ።

ሙያውን ከእሱ የተማረችው ሴት ልጁ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ፣ ቤቴ ነበርኩ አለች።

ወስፌ አጽሙን ዞረችው። አንዱን የኋላ እግር ነቅላ የዳሌውን ጉድጓድ አየችና ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ውስጥ ደም አለ» አለች። «ሟቹ ሲወድቅ ይህን እግር ይዞት ወርዷል። ደም የነካውን አጥንት አንስቶ መልሶ የገጠመ ሰው አለ። ጋሼ ዘበኛ መግጠም አይችሉም። ኃላፊው ቢሆኑ ወደ ጎን ይዘረጉት ነበር። ይህ ግን ቀጥ ብሎ ነው የተገጠመው፤ አባትሽ እንዳስተማረሽ።»

ልጅቷ አልካደችም።

«አትንካው፣ ውረድ አልኩት። እንቢ ሲለኝ መሰላሉን ነቀነቅኩት። እንዲወድቅ አልፈለግኩም ነበር።»

«እግሩንስ ለምን መለስሽው?»

«ሰዎች ሲመጡ ሥራው ፈርሶ እንዳያዩበት።»

የዘበኛው ካቴና ተፈትቶ ልጅቷ እጅ ላይ ገባ። ዘበኛው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያን ምሽት ጩኸቷን ሰምቶ ኖሯል፤ ስትድህ ጀምሮ የሚያውቃት ልጅ ናት።

ወደ ወስፌ ዞረ።

«እኔ መች ፍቺኝ አልኩሽ፣ ልጄ?»