ከበሩ ጀርባ ያለው ዜማ

«ልጄ የት ነው ያለው? ስልኩን አያነሳም» አሉ ሚስተር ፓንቴሊስ፣ ጃኬታቸው ላይ የቀረውን ዱቄት እያራገፉ።

ዊጅዳን የሙዚቃ ክፍሉን በር በጀርባዋ ተደግፋ ቆማለች። መልሱን ኒኪፎሮስ ራሱ አስጠንቷታል፤ «አባቴ ከመጣ ላይብረሪ ሒሳብ እያጠና ነው በዪልኝ። ፕሊስ!»

ኒኪፎሮስ የክፍሏ ልጅ ነው። ከአንዲት የግሪክ ደሴት ወደ ሰሜን ለንደኗ ኤድመንተን የመጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚያ ሳለ አያቱ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ፣ እሱ አጠገባቸው ቆሞ ከሥር አንዲት ድምፅ ብቻ ሳያቋርጥ ይይዝላቸው ነበር። ሙዚቃን የጀመረው እንዲህ ነው። ፒያኖ የነካው ለንደን ከገባ በኋላ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ነው፤ አሁን ግን የራሱን ሙዚቃ ይደርሳል። አንድ የሙዚቃ ኮሌጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ታዳጊዎችን ስለሚያስተምር አፕላይ አድርጎ፣ ለፈተና ተጠርቷል። አባቱ አያውቁም። ቅዳሜ የዳቦ ቤታቸው የገበያ ቀን ነው፤ ልጃቸው ደግሞ ቀኝ እጃቸው።

«ላይብረሪ…» ብላ ጀመረች ዊጅዳን።

ይሄኔ ከውስጥ ፒያኖው ተሰማ። ይህን ድርሰት ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን ሰምታው አታውቅም። መጀመሪያ ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ከላዩ ዜማው ተነሣ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንስ ተሰበረ ስትል ደግሞ ወጣ። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። በየቀኑ አብሯት ቺፕስ የሚበላው፣ በማያስቅ ቀልዱ የሚያስቃት ልጅ ይህን ሁሉ የት ደብቆት ኖሯል?

ቀና ስትል የሚስተር ፓንቴሊስ እጅ ጃኬታቸው ላይ እንዳለ ቀርቷል።

«ይሄ የአባቴ አዘማመር ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ማነው የሚጫወተው?»

«አላውቅም» ማለት ትችል ነበር። እውነቱን ከተናገረች ኒኪፎሮስ ዳግመኛ ላያናግራት ይችላል። ፈተናውም ሊቀርበት ይችላል።

«እሱ ነው። የደረሰውም ራሱ ነው» አለችና በሩን ከፈተችላቸው።

ኒኪፎሮስ አባቱን ሲያይ ጣቶቹ ፒያኖው ላይ ቀሩ። ዓይኑን ዊጅዳን ላይ አፈጠጠ። ሮጣ ማምለጥ አማራት፤ ግን ወንበር ስባ ለአባቱ አቀረበችላቸው። ሚስተር ፓንቴሊስ ኮፍያቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የቅዳሜውን አንተው ንገራቸው» አለችው ከግድግዳው ተጠግታ። «መጀመሪያ ግን ዜማውን ጨርሰው።»