ዶሮ የገባበት ዘፈን

«ኩኩሉሉ!»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ወንበር ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። የባዮሎጂ መምህሩ ከሰሌዳው ዞረው ጥፋተኛውን ሲፈልጉ፣ ከመስኮቱ በኩል ሌላ ዶሮ መለሰ። ሀፊሳ ብቻ አልሳቀችም። እርሳሷን በጣቶቿ መሀል እያሽከረከረች ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

አጠገቧ የተቀመጠው ቴድሮስ በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ሰማሽ? መቐለ በሙሉ ዶሮ ሆነ እኮ!»

«ሰማሁ።»

«ዘፈኑን ትናንት ማታ ነው የለጠፍኩት። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ይከፍቱታል። ተቀጣጠለ በቃ!»

የቴሌግራም ቻናሉ የቴድሮስ መሆኑን ከሀፊሳ በቀር የሚያውቅ የለም። በውሸት ስም ነው የከፈተው። አዲስ የወጣ ዘፈን ሁሉ እዚያ በነፃ ይገኛል፤ ስልክ ሻጮች ደግሞ ማስታወቂያ ያሠሩበታል። ቴድሮስ አንድም ቀን ዘፍኖ አያውቅም። በዘፈን የሚያልፍላቸው ግን ብዙ ጊዜ ያልዘፈኑት ናቸው።

ሀፊሳ ዶሮውንም ታውቀዋለች። አንድ ዓይኑ የጠፋ ቀይ አውራ ዶሮ ነው፤ የሚኖረውም እነሱ ጓሮ ነው። አባቷ አብዱልወዱድ ለዒድ ሊያርደው ገዝቶት፣ በዓሉ እስኪደርስ ስለለመደው ሳያርደው ቀረ። በአንድ ዓይኑ ብቻ ስለሚያይ ይሁን በሌላ፣ ንጋትና ቀትር አይለይም። ሲፈልገው ይጮኻል።

አብዱልወዱድ ከወሎ ሲመጣ ልብስ በትከሻው እያዞረ ነበር የሚሸጠው። አሁን መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ኢንተርኔት ቤት አለው። ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ማተሚያ፣ ለጎረቤት በወር የሚሸጥ ዋይፋይ። ይህን ሁሉ ዓመት ግብር ከፍሎም፣ አንዳንዱ ሰው ዛሬም «የወሎው» እያለ ነው የሚጠራው፤ ስም እንደሌለው። ኮምፒውተር ማብራትና ማጥፋት ይችላል። የይለፍ ቃል መቀየር፣ ማን ገባ ማን ወጣ ማየት፣ ያልተፈለገውን ስልክ ከመስመሩ ማስወጣት የሀፊሳ ሥራ ነው። የቴድሮስ ቤት ከእነሱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። የይለፍ ቃሉን በነፃ የሰጠችውም እሷ ናት፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነዋ።

ዘፈኑ የለተመድህን ነው።

ለተመድህን የሰርግ ዘፋኝ ናት። ከተማው ሲሠርግ ይፈልጋታል፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም አይላትም። በወጣትነቷ አንድ ካሴት አውጥታ ነበር። ካሴቱን የመቐለ ሙዚቃ ቤት ሁሉ አባዝቶ ሸጠው። ድምፅዋ በሚኒባስ ሲሄድ እሷ በእግሯ ትሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ አላወጣችም። ባለፈው ክረምት ግን ዘፈን በስልክ የሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት «ናሙና ላኪልን» አላት። ወደ ስቱዲዮ የምትሄድበት አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ሀፊሳ በኢንተርኔት ቤቱ የጓዳ ክፍል አስቀምጣት፣ ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታ ቀዳችላት።

ለተመድህን ክራሯን ይዛ ስትዘፍን፣ ልክ ሁለተኛው አዝማች ላይ ዶሮው ጮኸ። እሷ አላቋረጠችም። እየሳቀች ዘፈነች፤ ሳቋም ከዘፈኑ ጋር ተቀዳ። እንዲያው ላኩት። ድርጅቱ ወደደው፤ ስቱዲዮ አስገብቶ በደንብ አስቀረጻት። በመጪው ቅዳሜ ሊያወጣው ነበር። ውሉ አንድ ነገር አጥብቆ ይላል፦ ከመውጣቱ በፊት ዘፈኑን ማንም እንዳይሰማው።

ባለ ዶሮውን ቅጂ ሀፊሳ ከኮምፒውተሩ ማጥፋት ነበረባት። ስለወደደችው ተወችው። አንድ ቀን ቴድሮስ የቤት ሥራ ሊያትም መጣ፤ እሷ የአስር ሶላት ልትሰግድ ወደ ውስጥ ስትገባ ኮምፒውተሩን ለሱ ትታለት ሄደች። ዘፈኑ የወጣው እንዲህ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

---

ሀፊሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለተመድህንን ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ አገኘቻት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ በስልኳ ጠርዝ ጉልበቷን ትመታለች።

«ነይ ጓለይ፣ ነይ ልጄ» አለቻት። «ዛሬ እኮ አጃቢ አግኝቻለሁ። ሕፃናቱ ከገበያ እስከዚህ ኩኩሉ እያሉ ተከተሉኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ? እኔም አብሬ ጮህኩ። እኔ ከነሱ በላይ ነው የምችለው።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባት። «ዋይ! ሰውየው ደወለልኝ። የድርጅቱ ሰውዬ። ‹ራስሽ ነሽ ያወጣሽው› ይለኛል። ‹እኛ ስቱዲዮ ዶሮ የለም፤ ዶሮው የአንቺ ነው› ይለኛል። ማን እንዳወጣው ነገ ካልነገርኩት ውሉ ተቀደደ።»

አብዱልወዱድ ከንፈሩን መጠጠ። «በስመአብ… ማለቴ፣ በአላህ! አንቺን አስጨነቁሽ» አለ። ከለተመድህን ጋር ሲያወራ ሁልጊዜ አፉ ይቀላቀልበታል።

«ቴሌ፣ መስመር የሚሸጡት ዘንድም ሄጄ ነበር» አለች ለተመድህን። «ያን ቻናል ዝጉልኝ አልኳቸው። አንዱ በወንበሩ እየተሽከረከረ ‹እናቴ፣ እኛ መንገዱን ነው የምንዘረጋው፤ በመንገዱ ማን ምን ይዞ እንደሄደ አናይም፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ› አለኝ። ታዲያ ሒሳብ ያልከፈልኩ ቀን እንዴት ነው የምታዩኝ አልኩት።»

«ምን አለሽ?» አላት አብዱልወዱድ።

«‹ቀጣይ!› አለ። ከኋላዬ ያለውን ጠራ።»

አብዱልወዱድ ትንሽ ሳቀና ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ግን እህቴ፣ እውነት ለመናገር እኔም ያው ነኝ። እኔም መስመር ነው የምሸጥ። ሹፌር ተሳፋሪውን ሌባ ነህ ሼህ ነህ ብሎ አይጠይቅም።»

«እወ፣ አይጠይቅም። የጎረቤቱን በግ አቅፎ ሲሳፈር ቢያየውስ፣ አያ አብዱ?»

«ካየማ…» አብዱልወዱድ ጢሙን አሻሸ። «ካየማ ሌላ ነው።»

ሀፊሳ ማተሚያው ውስጥ ወረቀት ትጨምር ጀመር። ማተሚያው ግን ሙሉ ነበር።

«ልጄ» አላት አባቷ ድንገት። «ያ ዘፈን እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም አይደል?»

«የለም» አለች።

ውሸት አልነበረም። ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ነው ያጠፋችው። ካለበት ቦታ ሁሉ፣ ከቆሻሻ መጣያውም ሳይቀር።

«እኔማ እናንተን አልጠረጠርኩም» አለች ለተመድህን እየተነሳች። «ከዚህ ቤት ክፉ ነገር አይወጣም። አየር ላይ ነው የሰረቁኝ።» ከበሩ ስትወጣ የሀፊሳን ጉንጭ በመዳፏ ነካ አደረገቻት። እጇ የክራር ጅማት ያደነደነው ነው፤ ይሻክራል።

ሄደች። መንገድ ላይ አንድ ሕፃን ኩኩሉ ሲል ተሰማ።

---

ቴድሮስ ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዋይፋዩ እዚያ ጋ ነው ደህና የሚይዘው። ስልኩን ከማየት ቀና አላለም።

«አውርደው» አለችው ሀፊሳ።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን። ሰውየው ውሉን ሊቀድባት ነው። ራስሽ ነሽ ያወጣሽው እያላት ነው።»

«አቦ ሀፊ፣ አትጨናነቂ! ፕሮሞሽን ነው የሠራሁላት። ከዚህ በፊት የሚሰማት ማን ነበር? ሰርግ ቤት የጠገበ ሰው። አሁን አዲስ አበባ ሳይቀር እየሰማት ነው።»

«እየሰማት አይደለም፤ እየሳቀባት ነው።»

«ያው ነው። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይወዳሉ።»

«ልጆች መንገድ ላይ እየተከተሏት ነው የመጣችው።»

ቴድሮስ የጫማውን ጫፍ አፈር ላይ አሽከረከረ። «እኔ ተከተሉ አላልኳቸውም» አለ በኋላ። «ደሞ እኔ ባላወጣው ሌላው ያወጣው ነበር። ሁሉም ይጭናል። ያንቺ ስልክ ውስጥ ያለው ዘፈን ሁሉ ገዝተሽው ነው?»

ስልኳ ውስጥ ያለው ሁሉ ከሱ ቻናል የወረደ ነው።

«ቢያንስ ለሰውየው ደውልለት» አለች። «እሷ አይደለችም በለው። ስምህን አትንገረው።»

«እብድ ነሽ? ከየት አመጣኸው ቢለኝስ?» አሁን ቀና ብሎ አያት፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «አንቺ ደሞ ምን ሆነሽ ነው? ከየት እንደወጣ ከተነገረ የሚዘጋው የናንተ ቤት ነው እኮ። ከናንተ ኮምፒውተር ነው የወጣው። ሰው ፋይሉን አምኖ ይሰጣችኋል፣ እናንተ ትበትናላችሁ ይባላል። ደግሞ የአባትሽን ነገር ታውቂያለሽ፤ ሰው ለማማት ሰበብ ነው የሚፈልገው። ‹የወሎው› ብሎ ይጀምራል።»

ይህን ሲል ክፉ ለመሆን አልነበረም። እውነቱን ነው። ለዚያ ነው የከበዳት።

«ካላወረድከው ከመስመሩ አስወጣሃለሁ» አለች።

ቴድሮስ ሳቀ። «ሃ! ቴሌ ሆንሽ በቃ! አስወጪኝ እስቲ። ካርድ ሞልቼ በሞባይል ዳታ እገባለሁ።» መልሶ ስልኩን ማየት ጀመረ። «ፋራ አትሁኚ ሀፊ። ነገ ሰው ይረሳዋል።»

---

ኢንተርኔት ቤቱ ባዶ ነበር። አባቷ ጓሮ ነው፤ ማሽላ ሲበትን ዶሮው ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ሀፊሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የሞደሙን ገጽ ከፈተች። የቴድሮስ ስልክ ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አለ፤ እንደ ሁልጊዜው። ያለ ብዙ ማሰብ ጫን አደረገችውና ከመስመሩ አወጣችው። የይለፍ ቃሉንም ቀየረች።

ከግድግዳው ወዲያ «ሀፊ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቆየት ብሎ፣ «ሀፊ፣ የምርሽን ነው እንዴ?» ከዚያ ፀጥ አለ። ካርድ ሊገዛ ሄዶ ይሆናል።

ሌላ ነገር የተለወጠ አልመሰላትም። ዘፈኑ እንዳለ ነው። በራሷ ዳታ ቻናሉን ከፍታ አየችው፤ የሰሚው ቁጥር እየጨመረ ነው። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ዘፈኑን ተጫነችው። የክራሩ ድምፅ፣ የለተመድህን ድምፅ፣ ከዚያ ዶሮው፣ ከዚያ ሳቅዋ። ከሳቋ ኋላ በጣም ዝቅ ብሎ ሌላ ሳቅ ነበር። እስከዛሬ ልብ አላለችውም። ራሷ ናት። አፏን በእጇ ይዛ ስትስቅ ተቀድታለች።

ዘጋችው።

የማንም ሰው ጣት ወደዚህ ቤት አልተቀሰረም። ፋይሉ ጠፍቷል። ቴድሮስ አይናገርም። ለተመድህን ራሷ «አየር ላይ ነው» ብላ ሄዳለች። ነገ ሰውየው ይደውላል፣ ውሉን ይቀድዳል፣ ለተመድህን ወደ ሰርግ ዘፈኗ ትመለሳለች። ከዚህ በፊትም እንዲሁ ነበር የተመለሰችው፤ ማንም የጠየቀ የለም።

ሀፊሳ ስልኳን አነሳች፤ አስቀመጠች። ተነስታ የማተሚያውን ትሪ ስባ አየች። አሁንም ሙሉ ነው። መልሳ ገፋችው። ከዚያ ለለተመድህን ደወለች።

«ሀሎ? ጓለይ?»

ከወዲያ በኩል የውሃ ድምፅ አለ፤ ልብስ እያጠበች ይሆናል።

«አደይ ለተ፣ እናቴ፣ ነገ ሰውየው ሲደውል ስልኩን ለኔ ይስጡኝ።»

«ለምን? ምን ልትይው?»

የጓሮው በር ተከፈተ። አብዱልወዱድ መዳፉ ላይ የተረፈ ማሽላ ይዞ ገባ። ልጁን ሲያያት ቆመ።

«ዶሮው የኛ ነው ልለው» አለች ሀፊሳ። «ዘፈኑ የወጣው ከኛ ኮምፒውተር ነው። እኔ ነኝ ያላጠፋሁት። እርስዎ የሉበትም።»

የውሃው ድምፅ ቆመ።

አብዱልወዱድ ልጁን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃዱን አየ። በመዳፉ የያዘውን ማሽላ ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ የደንበኛ ወንበር ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና ጨርሳ እስክትዘጋ ጠበቀ።